አሥር ሺህ ብሬን የበላች የኪችን ፎቶ

ዓይኔን ጨፍኜ ልስላት እችላለሁ። ነጭ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ መስኮቱ ላይ በትንሽዬ ማሰሮ የተተከለች አረንጓዴ ነገር። ሳሎኑን አይቼ ሳይሆን ያቺን ኪችን አይቼ ነው የወደቅኩት።

ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። አከራያችን ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እንደሚፈልጉት ነገሩን። በአንድ ወር ውስጥ መልቀቅ አለብን። ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ አግብቼ፣ አስረግዤ፣ ከዚያ የቸገረኝ ሰው ነበርኩ። ማታ ማታ ከደላላ ጋር እዞራለሁ። ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ የቤት ኪራይ ቻናሎችን ስበረብር እውላለሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሰሚት አካባቢ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ 14 ሺህ ብር የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ስድስት ፎቶ አለው። በዚያ ዋጋ እንዲህ ያለ ቤት እንደማይገኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሰው ሲቸግረው ሒሳብ ይጠፋበታል። ደወልኩ። ሰውየው ትሁት ነው፤ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያለ ነው የሚያወራኝ። ቤቱ የእህቱ ነው፣ እህቱ ውጭ ነው የምትኖረው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ችግሩ፣ ለሥራ ሐዋሳ ወርዷል። ቅዳሜ ይመለሳል።

"ሦስት ሰው ደውሎልኛል" አለኝ። "አንተ ግን የቤተሰብ ሰው መሆንህ ያስታውቃል። ቀብድ ጣል ካደረግህልኝ ለሌላ ሰው አላሳይም።"

አሥር ሺህ ብር ጣል አደረግኩለት። ቅዳሜ ስልኩ ዝግ ነበር። እሁድም ዝግ። ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያው ራሱ ከቻናሉ ጠፋ።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በዚያ ሆዷ ላይ ጭንቀት ላለመጨመር ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ እውነቱ ግን አፍሬ ነው። መጀመሪያ ያወቀችው የእህቴ ልጅ ናት። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች፤ ለእረፍት መጥታ እኛ ጋ አርፋለች። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"ፎቶዎቹ አሉህ አጎቴ?"

ነበሩኝ። ባለቤቴን አሳይቼ ላስደስታት ጋለሪዬ ውስጥ ሴቭ አድርጌያቸው ነበር። ልጅቷ ስልኬን ተቀበለችኝ። የጉግልን አፕ ከፈተች፣ መፈለጊያው ሳጥን ጫፍ ላይ ያለችውን የካሜራ ምልክት ነካች፣ የኪችኗን ፎቶ መረጠች። ምራቄን ሳልውጥ ውጤቱ መጣ። ያቺው ኪችን፣ ያቺው ተክል፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር። ናይሮቢ። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ የአፓርታማ ማስታወቂያ ነው።

"አጎቴ፣ ሶኬቱን አላየኸውም?" አለችኝ።

ፎቶውን አሰፋችው። ከግራናይቱ ከፍ ብሎ፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት ሶኬት ነው፤ ጎኑ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። የእንግሊዝ ዓይነት የሚባለው። ኬንያ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ያ ነው። የእኛ ቤት ግን ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። አዲስ አበባም እዚህም እዚያም የእንግሊዙ ዓይነት አይጠፋም፤ ስለዚህ ሶኬት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ያቺን ፎቶ ሃያ ጊዜ አይቻታለሁ። ሃያ ጊዜም ሳየው የነበረው ተክሉን ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ፎቶውን ራሱን አስገብቶ የት የት እንደወጣ መፈለግ ነፃ ነው፣ ስልካችሁ ላይ አለ፣ አሠራሩም አይከብድም። ጉግል በምስል መፈለግን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረ ቲንአይ (TinEye) የሚባል የካናዳ አገልግሎት ነበር። እኔ የሰማሁት አሥር ሺህ ከተበላሁ በኋላ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ፎቶውን ያያችሁት በክሮም የከፈታችሁት ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ጣታችሁን ፎቶው ላይ አሳርፉና ቆዩ። ዝርዝር ይወጣል፤ ምስሉን በጉግል ፈልግ የሚል አለበት። እሱን መንካት ነው። ማውረድ የለ፣ መጫን የለ።

አብዛኛው ፎቶ ግን የሚመጣብን በቴሌግራምና በዋትስአፕ ነው። እዚያ ውስጥ ጣት ማሳረፍ አይሠራም። ፎቶውን ጋለሪ ውስጥ ሴቭ ታደርጋላችሁ፤ ሴቭ ማድረግ ከከለከለ ስክሪንሾት ታነሣላችሁ። ከዚያ የእህቴ ልጅ እንዳደረገችው የጉግልን አፕ ከፍቶ በካሜራዋ ምልክት መግባት ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጋለሪያችሁን ለማየት ፈቃድ ይጠይቃል። አይፎን የያዘ ሰውም ያንኑ የጉግል አፕ ቢጭን ይሻለዋል፤ ባለቤቴ አይፎን ስለሆነች አይቼዋለሁ፣ ልዩነት የለውም።

አዲስ አንድሮይድ ላላችሁ ደግሞ ከዚህም የሚቀል፣ ሰርክል ቱ ሰርች (Circle to Search) የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በጋላክሲ ኤስ24 እና በፒክስል 8 የጀመረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ስልኮችም ወርዷል። ከታች ያለችውን የሆም ምልክት ወይም መስመር ተጭናችሁ ትቆያላችሁ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ነገር በጣት ታከቡታላችሁ። ቴሌግራም ውስጥ እንዳላችሁ ይሠራል። የእኔ ስልክ የለውም። የእህቴ ልጅ አዲስ ስልክ ስትገዛ እያከበበች ስታሳየኝ ቀናሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው "ሞከርኩት፣ ምንም አላመጣም" ሲለኝ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ስክሪንሾት ስታነሡ ከላይ ሰዓቱና የባትሪው ምልክት፣ ከታች የቻናሉ ስም፣ መሐል ላይ ደላላው በቀይ የጻፈው ስልክ ቁጥር አብሮ ይገባል። ፍለጋው ያንን ሁሉ የፎቶው አካል አድርጎ ነው የሚያየው። ፎቶው ሲከፈት ጥጎቹ ላይ የሚጎተቱ መስመሮች አሉ። እነሱን ወደ ውስጥ ጎትታችሁ ፎቶው ብቻ እንዲቀር አድርጉ። ካልሆነ ደግሞ የበለጠ አጥብቡ። ሙሉ ሳሎን አላመጣ ካለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ብቻ፣ ወይም ለየት ያለውን መብራት ብቻ ቁረጡ። እኔ ከስድስቱ ፎቶዎች መኝታ ቤቱን ሳስገባ ምንም አላመጣም ነበር። አልጋ ሁሉ አልጋ ነው። ጣሪያው ላይ የነበረውን አምፖል ብቻ ስቆርጥ ናይሮቢ ዳግመኛ ወጣች።

ሌላው የሚያደናግረው፣ ጉግል ሌንስ፣ ማለትም በካሜራዋ ምልክት የሚከፈተው ፍለጋ፣ ፎቶውን የሚመስል ሌላ ነገር ማምጣት ይወዳል። ሳሎኑን ስታሳዩት ሶፋውን ሊሸጥላችሁ ይነሣል። ይመስላል ማለትና ያው ራሱ ነው ማለት ይለያያሉ። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ከላይ ካሉት አማራጮች ውስጥ ትክክለኛ ተመሳሳዮችን ብቻ የሚያሳየውን ፈልጉና ንኩ። የምንፈልገው ያቺኑ ፎቶ እንጂ እህቷን አይደለም። አንዴ የሥራ ባልደረባዬ "ይኸው፣ ያው ቤት ቱርክ ውስጥ አለ!" ብሎ እየሮጠ መጣ። ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናየው የመስኮቱ ብዛት እንኳን አይገጥምም። የመሰለው መጋረጃው ብቻ ነው።

ጉግል ካላመጣ እዚያ አልቆምም። ቲንአይን በብሮውዘር እከፍታለሁ። እሱ የሚመስል ነገር አይፈልግም፤ ያቺኑ ፎቶ፣ ተቆርጣም ቀለሟ ተቀይሮም ቢሆን፣ ነው የሚያድነው። ውጤቱን ደግሞ ከጥንቱ ጀምሮ መደርደር ይቻላል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወድለት ያንን ነው። ፎቶዋ መጀመሪያ የታየችው የት ነው የሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ነውና። የሩሲያው ያንዴክስ በሰው ፊትና በሕንፃ ጎበዝ ነው። ቢንግም የራሱ የካሜራ ምልክት አለው፤ እሱን ብዙ አልጠቀምበትም። ሁሉም የየራሱ ማኅደር ስላለው፣ አንዱ ያላየውን ሌላው ሊያይ ይችላል።

እናቴ ጋ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ብሬ በተበላ በሁለተኛው ሳምንት በዋትስአፕ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። አፍንጫው ላይ ቱቦ የገባለት ሕፃን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ። ከሥሩ የአማርኛ ስም፣ የልብ ሕመም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ "ስለ ድንግል ማርያም ሼር አድርጉ።" እናቴ አምስት መቶ ብር ልካለች፤ እኔም እንድልክ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ወዲያው ወደ ፍለጋው ገባሁ። ጉግል አንድ የአማርኛ ገጽ አመጣልኝ፤ ያው ሕፃን፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ሒሳብ ቁጥር። ቀኑ መስከረም 2013 ይላል። "አሥር ዓመት ሊሞላው ነው!" ብዬ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። ሳቀችብኝ። 2013 ዓ.ም. እኮ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ሁለት ዓመቱ ነው። ይህቺን ልብ በሉ፤ የአማርኛ ገጽ ላይ የምታዩት ዓመት የኛ ይሁን የፈረንጅ ሳታጣሩ ሒሳብ አትጀምሩ። ከዚያ ቲንአይ ላይ ከጥንቱ ጀምሮ ስደረድረው መጀመሪያ የወጣው ለሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብበት የሕንድ ገጽ ሆኖ ተገኘ። ሕፃኑ የእውነት ታሞ ነበር። ስሙ ግን እናቴ የጸለየችለት ስም አይደለም፤ ወላጆቹም አዲስ አበባ አይኖሩም።

ለእናት እንዲህ ያለውን እንዴት ይነገራል? ቤቷ ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ ጠብቄ ስልኬን አሳየኋት።

"እማዬ፣ ልጁ የሕንድ ልጅ ነው። ሒሳብ ቁጥሩ የሌባ ነው።"

መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ብሩን አላነሣችም።

"ታዲያ ተሻለው?" አለችኝ።

"ገጹ የቆየ ነው እማዬ፤ አይልም።"

"እሱን ማጣራት አይችልም ስልክህ?"

አልቻለም። ሞክሬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከመላኳ በፊት ፎቶውን ለእኔ ትልክልኛለች። "እየው እስቲ" ብቻ ትላለች።

እንዲህ ባለው ፎቶ የምትታለለው እናቴ ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ እህቱን አቅፎ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ፎቶ ዓለምን አስለቅሶ ነበር። የአደጋው ተራፊዎች ናቸው ተባለ፣ ገንዘብም ተሰበሰበበት። ፎቶውን ያነሣው ግን ና ሶን ንጉየን የተባለ ቬትናማዊ ፎቶ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሰሜን ቬትናም ውስጥ፣ ወላጆቻቸው እርሻ ላይ እያሉ ደጅ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ታናሿ እንግዳ ሰው አይታ ስታለቅስ ነው ወንድሟ ያቀፋት። ፎቶው ውሸት የለበትም፤ ውሸቱ ከሥሩ የተጻፈው ነው። አገራችን ውስጥ የሚዞሩት የጦርነትና የግጭት ፎቶዎች ላይም ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። እነሱን ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ በአማርኛ እያጣሩ ያወጣሉ፤ እኔ ራሴ ከመልፋቴ በፊት መጀመሪያ እዚያ አያለሁ።

አሁን ስለ አንዲት ቪትዝ መኪና። ያ ስለ ቱርክ እየሮጠ የመጣው ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት መኪና ሊገዛ ተነሣ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ ቪትዝ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሱ ግን በጣም የወረደ ዋጋ አግኝቷል። ሻጩ አዳማ ነኝ ይላል፤ መኪናዋን ይዞ ከመምጣቱ በፊት "ለመያዣ" የሚሆን ብር ይፈልጋል። ታሪኩን የምታውቁት ትመስላላችሁ።

አራቱንም ፎቶ ፈለግን። ጉግልም ቲንአይም ምንም አላመጡም። "አየህ፣ የራሱ ፎቶ ነው" አለኝ ባልደረባዬ። እኔም ልስማማ ነበር። መልሼ የውስጡን ፎቶ አሰፋሁት። መሪው በግራ ነው፣ ልክ ነው። ታርጋው ተሸፍኗል። የቶዮታ ምልክት ደግሞ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ቢገለበጥም አይታወቅም። ማርሹ አጠገብ ያሉትን ፊደሎች ሳያቸው ግን፣ የኋላ ማርሽ ፊደል ጀርባዋን ዞራለች። ፎቶው በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል።

ማንኛውም የስልክ ጋለሪ ማስተካከያ ውስጥ ግራ ቀኝ መገልበጫ አለ። መልሼ ገለበጥኩትና ደግሜ ፈለግኩ። ወጣች። ያገለገሉ መኪኖችን ከጃፓን የሚልክ ድረ ገጽ ላይ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነች ቪትዝ። ሌባው ፎቶውን ሲገለብጥ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መትቷል፤ ፍለጋውንም አሳሳተ፣ መሪውንም ወደ ግራ አመጣ። ባልደረባዬ ስልኬን ይዞ ብዙ ቆየ። "ጎበዝ ነው እኮ" ነበር ያለው።

ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅም ነበረች። አንድ "የነዳጅ መሐንዲስ ነኝ" የሚል ሰው በፌስቡክ ስድስት ወር አውርቷታል፤ አሁን ጉምሩክ የተያዘ ዕቃ አለብኝ እያለ ነው። ፎቶውን ላከችልኝ። ጉግል የተራ ሰው ፊት ላይ ብዙም አይረዳም፤ ልብሱንና ከኋላው ያለውን ነገር ነው የሚያየው። ያንዴክስ ግን የሰውየውን ፎቶዎች አመጣው። በሌላ ስም፣ በሌላ አገር፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። እሱ ራሱ ፎቶው እንደተሰረቀበት የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጅቷ አላመሰገነችኝም። አንድ ወር ዘጋችኝ። ለእንዲህ ያለው ነገር ማስረጃውን ልካችሁ ዝም ማለት ይሻላል፤ እኔ "ነግሬሽ አልነበር" የምትል ቃል ጨምሬበት ነው ያበላሸሁት።

በዚህችው አጋጣሚ አንድ ነገር። የምታስገቡት ፎቶ ከስልካችሁ ወጥቶ የእነሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚሄደው። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የልጆቻችሁን ፎቶ አታስገቡ። ታክሲ ውስጥ ያያችኋትን ሴት ማንነት ለማወቅም አይደለም ይህ ነገር።

የዳታ ነገር ብዙ አያሳስብም። ፓኬጅ ሲያልቅብኝ ዋናውን ፎቶ ትቼ ስክሪንሾቱን ቆርጬ ነው የማስገባው፤ መጠኑ ያንሳል፣ ውጤቱ ላይ ያመጣው ለውጥ አላየሁም። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ግልጽ የሆነ ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሡ። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አንሡ፤ አንዱ እምቢ ካለ አንዱ ይሠራል።

ምንም አለመምጣቱን ግን "ንጹሕ ነው" ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። ቴሌግራም ውስጥ የሚዞረው አብዛኛው ነገር ፍለጋ ውስጥ አይገባም። ዝግ የፌስቡክ ግሩፕም አይገባም። ትናንት የተነሣ ፎቶ ገና አልደረሰም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል ደግሞ ድሮውንም ምንጭ የለውም፤ ፈልጋችሁ ምን ታገኛላችሁ? ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ቀድሞ የተከራየ የሰው ቤት ገብቶ በራሱ ስልክ ፎቶ አንሥቶ የሚያጭበረብር አለ። ያንን ጉግልም ቲንአይም አይደርሱበትም። ለዚህ የሚሆነው አዲስ ፎቶ መጠየቅ ነው። "አሁን ኪችኑ ላይ አንድ ብርጭቆ አስቀምጠህ አንሣልኝ" ማለት። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ደቂቃ አይፈጅበትም። የሌለ ሰው ደግሞ ሐዋሳ ይሄዳል።

ከዚያ በተቃራኒ፣ ፎቶው ሦስት አራት ቦታ መገኘቱም ብቻውን ሌብነት አይደለም። ይህን ቤት ስንፈልግ ነው የተማርኩት።

አከራያችን የሰጡን ወር ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ጎሮ አካባቢ አንድ ቤት አየሁ። አዲስ ሙያ የያዘ ሰው እጁን ይበላዋል፤ ፎቶውን ወዲያው ፈለግኩ። ሦስት ቦታ ወጣ። አንዱ ጋ 22 ሺህ፣ አንዱ ጋ 24፣ አንዱ ጋ 25። ስልኩም ሦስት የተለያየ ስልክ ነው። "ሌባ" ብዬ ዘጋሁት። በዚያ ጊዜ ባለቤቴ የአሥር ሺውን ጉዳይ አውቃለች፤ የእህቴ ልጅ አፏን መያዝ አትችልም። ስልኬን አምጣ አለችኝ።

"ሦስቱም ጎሮ ነው የሚሉት" አለች። "ናይሮቢ የሚል አለ?"

የለም።

"ታዲያ ሦስት ደላላ ነዋ።"

ልክ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት በአምስት ደላላ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ የራሱን ጨምሮበት ይለጥፋል። መታየት ያለበት ስንት ቦታ ወጣ ሳይሆን የወጡት እርስ በርስ ይጣላሉ ወይ ነው። ሰፈሩ አንድ ነው? ፎቶዎቹ የአንድ ቤት ናቸው? መጀመሪያ የለጠፈው ማነው? ቀኑን አየን። ጥንት የተለጠፈው ባለ 22 ሺው ነው። እሱ ጋ ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ተጨማሪ ፎቶ አለ። በረንዳ ላይ የእንጨት ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተጣለ ጋቢ። ሊያከራይ ያሰበ ደላላ እንዲህ ያለ ፎቶ አይለጥፍም። ባለቤት ነው የሚለጥፈው።

ደወልኩ። አንድ ሽማግሌ አነሡ። ቤቱ አለ፣ አልተከራየም። ዋጋውም ያው ነው። የምለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር፤ የአባቴ እኩያ የሆነን ሰው ሌባ ሊሆኑ ይችላሉ ብዬ እየጠረጠርኩ እኮ ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልኩ፣ "ኪችኑ ላይ አንድ ብርጭቆ ያስቀምጡና ፎቶ ቢልኩልኝ?"

ትንሽ ዝም አሉ።

"ምን ያለ ብርጭቆ?"

"ማንኛውም ይሁን። ቤቱ የእውነት መሆኑን ለማየት ነው። ከዚህ በፊት ተታልዬ ነው።"

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ፎቶ መላክ አላውቅበትም። እነዚያንም ልጄ ናት ያነሣቻቸው። ብርጭቆውን መጥተህ ራስህ አስቀምጠው። ቀብድ የሚባል ነገር ደግሞ ሳታይ እንዳታወራኝ።"

በነጋታው ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ያን ጋቢ ለብሰዋል። ሳሎኑን እያሳዩኝ ስለ ውሃው ቀናት ይነግሩኛል፤ እኔ ቀስ እያልኩ ወደ ኪችኑ አለፍኩ። ካቢኔቱ ቡናማ ነው፣ ግራናይት የለም፣ መስኮቱ ላይ ተክል የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አየሁ።

ሁለት ክብ ቀዳዳ።